ጣልያን አገር የታሰረው በግ

ቀኛዝማች ደምሰው በጣልያን ገጠር የጡረታ ቤት ገዙና የሚኖሩበትን መንደር ሁሉ ለቤት ምርቃት ጠሩ። ቤቱን ያየው ሰው የለም፤ እሳቸውም ያዩት ፎቶውን ብቻ ነው። ቢሆንም «በግ ይዞ ያልመጣ ከምንጬ ውሃ እንዳይቀዳ!» ብለው አስለፈፉ።

በመንደሩ አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት እርጉዝ በግ ናት። በጓን ብትሰጥ ባዶ ቤት ልትቀር ነው፤ ባትሰጥ ውሃ ልትጠማ ነው። አሰበች፣ አሰበችና ባዶ ገመድ እየጎተተች ሄደች።

ፎቶው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ቄሱ ጠበል ይረጩታል። እንግዳው ተራ በተራ እግሩን እየጠረገ ፎቶው ፊት ይቆምና «አቤት፣ ሳሎኑ ሲሰፋ!» ይላል።

ቀኛዝማች ገመዱን አይተው፣ «አንቺ፣ በጉስ የታል?» አሉ።

«ጣልያን አገር ነዋ፣ ጌታዬ! ከአዲሱ ቤትዎ ደጃፍ አስሬዋለሁ።»

«ታሾፊብኛለሽ እንዴ? ያላየሁትን በግ እንዴት አድርጌ ልቀበል?»

«ኧረ ምን ይቸግራል፣ ጌታዬ! እኛ ያላየነውን ቤት ስንመርቅ ውለን የለም እንዴ?»

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ዞር ብለው ገመዱንም ጠበል ረጩት። ባልቴቷም እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።