የሐዲዱ ኤሊዎችና የንጉሡ አዋጅ

ጆሯችሁን አውሱኝና አንድ ተረት ላውጋችሁ። ሳልጎዳው እመልስላችኋለሁ። አዋሳችሁኝ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ከጨው ሐይቅ ተነሥቶ እስከ ደጋው የሚወጣ አንድ ሐዲድ ነበር። በሐዲዱ ላይ የሚመላለሰው ባቡር ወደ ላይ ጨው፣ ወደ ታች እህል ይጭናል። የባቡሩ አለቃ አያ ከርከሮ ነበር። የአገሩ ንጉሥ ደግሞ አንበሳ።

ሐዲዱን የሚጠብቁት ግን ኤሊዎች ነበሩ። ኤሊ ብሎ ሐዲድ ጠባቂ ብላችሁ እንዳትስቁ! እኔ የሐዲድ ጠባቂ ልጅ ነኝ፤ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ኤሊዎቹ በየማለዳው መዶሻቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ባቡሩ ከማለፉ በፊት ሐዲዱን ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እየሄዱ ይመታሉ፤ መትተውም ያዳምጣሉ። ገበያ ላይ ገንቦ የሚገዛ ሰው ገንቦውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ደህናው ሐዲድ ሲመታ «ጥንንን! ደህና ነኝ!» ይላል። የተሰነጠቀው ግን «ጠፍ... አሞኛል» ይላል፣ ያውም በቀስታ። ይህችን ቀስ ያለች ድምፅ ከኤሊ በቀር የሚሰማት አልነበረም።

የኤሊዎቹ አለቃ እመት ኤሊ ትባላለች። እሷና ወገኖቿ ስድስት ቀን ሲመቱና ሲያዳምጡ ይሰነብቱና በሰባተኛው ቀን አንገታቸውን ሰብስበው ዝም ይላሉ። ያ ቀን የዝምታ ቀን ይባል ነበር። በዝምታ ቀን ባቡሩም አይሄድም።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ከርከሮ መጣና «ከእንግዲህ የዝምታ ቀን የለም! ባቡሬ ሰባቱንም ቀን ይሄዳል» አለ።

«አይሆንም አያ ከርከሮ» አለች እመት ኤሊ። «መዶሻው ስድስት ቀን ሙሉ በጆሯችን ውስጥ ሲጮህ ይሰነብታል። ካላረፍን ጆሯችን ይደነዝዛል። ጆሯችን ከደነዘዘ ደግሞ የሐዲዱን ሕመም አንሰማም።»

«የምትመቱት በእጃችሁ ነው በጆሯችሁ? ዝም ብላችሁ ምቱ!»

መቱ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ሳምንት የሁሉም ጆሮ ጭው ይል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሐዲዱ «አሞኛል፣ አሞኛል» እያለ ሳይሰሙት አለፉ፤ አንድ ፉርጎ ማሽላውን እንደ ጫነ ተገለበጠ። እግዜር ሲጠብቅ የሞተ አልነበረም።

«ጥፋቱ የኤሊዎች ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ከርከሮ።

ይህን ጊዜ እመት ኤሊ መዶሻዋን ከጀርባዋ አወረደች። ሠላሳ ኤሊዎችም መዶሻቸውን አወረዱ። «የዝምታ ቀናችን ሳይመለስ አንመታም» አሉ። ኤሊ ባላዳመጠችው ሐዲድ ላይ ባቡር አይሄድምና ባቡሩ ባለበት ቆመ።

ቀናት አለፉ። ደጋው ላይ ጨው አለቀ። ፍየሎች ቁልቁል ወርደው «እናንተ ተኝታችሁ እኛ ድንጋይ እየላስን ነው!» ብለው ተሳደቡ።

እመት ኤሊ ከፋት። ቢሆንም «ጨዋችሁ ገደል ከሚገባ ይዘግይ እህቶቼ» ብላ በትሕትና መለሰች።

አያ ከርከሮ ወደ ንጉሡ ሮጠ። «ንጉሥ ሆይ፣ አገር በኤሊ ቆመ!» አለ። ንጉሡ ከርከሮን ሰማ። ኤሊን ግን አልጠራም። ነጋሪቱን ላከ።

«ድም! ድም! የባቡር ሥራ የአገር ሥራ ነው! ኤሊዎች ይመለሱ!»

«አንተ ነጋሪት፣ ንጉሡ የእኛን ቃል ሰምቶ ነው የፈረደው?» ብላ ጠየቀች እመት ኤሊ።

ነጋሪቱ አፈረ። «እኔ ምን አውቃለሁ እቴ፤ ሆዴ ባዶ ነው፣ የመቱኝን አስተጋባለሁ።»

«እንግዲያው ጮኸብን እንጂ አልፈረደም» አለችና ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ንጉሡ ነጋሪቱን ሁለተኛ ላከው። «ድም! ድም! በሦስት ቀን ውስጥ ያልተመለሰች ኤሊ ከሐዲዱ ዳር ተነቅላ ወደ በረሃ ትሄዳለች!»

ይህ አዋጅ ከኤሊዎቹ አልፎ ሄደ። ጉንዳኖች ሸክማቸውን አስቀምጠው ተያዩ። ንቦች ከቀፏቸው ወጡ። አህዮች ጆሯቸውን አቆሙ። «ዛሬ ኤሊን ሳይሰሟት በአዋጅ ካስነሧት፣ ነገ እኛ ደከመን ስንል ማን ይሰማናል?» ተባባሉ። ሲሳደቡ የነበሩት ፍየሎች እንኳ ጢማቸውን እያሻሹ ማሰብ ጀመሩ።

ሦስት ቀን አለፈ። አንዲትም ኤሊ አልተነሣችም።

በሦስተኛው ጊዜ ንጉሡ ነጋሪቱን ትቶ ነብሮቹን ላከ። ነብሮቹም የበረሃውን ነገር ለኋላ አቆይተው የኤሊዎቹን መዶሻ አነሡ። ጎበዞች ናቸው፣ አይካድም። ኤሊዎችን ከማለዳ እስከ ቀትር የሚፈጅባቸውን መንገድ ሮጠው ጨረሱት። ሐዲዱን ድው ያደርጉታል፣ ያልፋሉ። ድው ያደርጉታል፣ ያልፋሉ። ገደሉ ላይ ባለው ድልድይ ሐዲዱ «ጠፍ... አሞኛል» አለ። ነብሮቹ መትተውት አለፉ።

«አላልኩም?» አለ አያ ከርከሮ ደስ ብሎት። «ለመምታት ኤሊ መሆን አያስፈልግም!»

ንጉሡም ኮራ። «ነገ እኔው ራሴ እሳፈራለሁ። እናቴም እግሯን ስለሚያማት ወደ ጨው ሐይቁ ወርዳ ትታጠብ» አለ።

በማግስቱ ባቡሩ ሲያፏጭ ኤሊዎቹ ሰሙ። ለብዙ ቀን አርፈው ነበርና ጆሯቸው ጠርቷል፤ ንጉሡ አሮጊት እናቱን ይዞ መሳፈሩንም፣ በድልድዩ በኩል ሐዲዱ በቀስታ ማቃሰቱንም ሰሙ። አንዷ «ይሂድ! ይቅመሳት!» አለች።

እመት ኤሊ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይተዋት አያውቁም። «ምን አልሽ? እኛ ያቆምነው ሥራ ነው። ሐዲድ ጠባቂነታችንን መቼ አቆምን? የእናቴ እናት የጠበቀችው ሐዲድ ላይ አሮጊት እናት አትሞትም! ተነሡ!»

ነብሮቹ ጥለውት የሄዱትን አንድ መዶሻ ይዘው ቅርባቸው ወዳለው ድልድይ ወጡ። እመት ኤሊ መታችና አዳመጠች። «ጠፍ... አሞኛል። ስንት ጊዜ ተናገርኩ!» አለ ሐዲዱ።

«ሰምቼሃለሁ፣ አይዞህ» አለችው። ወገኖቿ ቀይ ጨርቅ ከፍ አድርገው ያዙ፤ እሷ ራሷ ሐዲዱ መሀል ቆመች።

«ኧረ እመት ኤሊ ዘወር በዪ! ከባድ ነኝ፣ ቶሎ አልቆምም!» እያለ ባቡሩ ጮኸ።

አልተንቀሳቀሰችም። ባቡሩ እየተንሻተተ፣ እየተንሻተተ መጥቶ አፍንጫዋ ሥር ቆመ።

ንጉሡ እያገሳ ወረደ። «አዋጄን መጣስሽ አንሶ መንገዴን ትዘጊያለሽ?»

«ድልድዩ ላይ ያለው ሐዲድ ታሟል ንጉሥ ሆይ።»

ነብሮቹ አዩት፤ ምንም የለውም። ስንጥቁ ከውስጡ ነበርና በዓይን አይታይም። እመት ኤሊ መታች፤ ንጉሡ ጆሮውን ደገነ። «ምንም አልሰማም!» አለ።

«አይሰሙም። ስንት ቀን ሙሉ ሲያገሱ ከርመው የራስዎ ድምፅ ጆሮዎ ውስጥ ይጮሃል። የእኛም ጆሮ የሆነው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ዝም ይበሉና ከዚያ ይስሙ።»

ንጉሡ ሊያገሳ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አሮጊት እናቱ ከፉርጎው ብቅ ብላ «ልጄ፣ ከተወለድክ ጀምሮ ዝም ስትል አይቼህ አላውቅም። እስቲ ዛሬ ሞክረው» አለችው። ንጉሡ አፉን ዘጋ።

ያን ቀን ሙሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጆሮው ጭው አለ። ከዚያ ነፋሱን ሰማ። ከዚያ ታች ገደሉ ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ሰማ። በነጋታው ማለዳ እመት ኤሊ ሐዲዱን መታች።

«ጠፍ... አሞኛል።»

ንጉሡ ወደ ገደሉ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እናቱ። «ሰማሁት» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስትነግሪኝ የነበረው ይህንን ነው?»

«አልጠየቁኝም እንጂ ይህንኑ ነበር የምነግርዎ» አለች እመት ኤሊ።

ንጉሡ አዋጁን አነሣ። ሐዲዱ እስኪለወጥ ድረስ አያ ከርከሮንና እመት ኤሊን ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጣቸው። «እናንተ ተነጋገሩ፤ እኔ እሰማለሁ» ብሎ ዝም አለ። ዝም ማለት ለምዶበት የለ! ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ የዝምታ ቀን እንዲመለስ ተስማሙ። እመት ኤሊም በበኩሏ «ደጋው ጨው ባጣ ጊዜ በዝምታ ቀንም በተራ እንወጣለን፤ ያረፈችው ታዳምጣለች» ብላ ቃል ሰጠች። ንቦች ወደ ቀፏቸው፣ ጉንዳኖች ወደ ሸክማቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው ጨው ደጋ ሲደርስ ፍየሎቹ ከመላሳቸው በፊት ቁልቁል ዞረው እጅ ነሡ።

አንበሳ ዛሬም ቀኑን በዝምታ ተኝቶ የሚውለው ከዚያ ወዲህ ነው። ኤሊም ቀስ እያለች የምትሄደው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ እያዳመጠች ነው። ንጉሥ እጅን በአዋጅ ያስነሣል፤ የሚሰማ ጆሮ ግን በአዋጅ አይገኝም። አባቴ ይህን ሲነግረኝ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ተረቴ እዚህ ጣቢያ ቆመ። እንኩ፣ ጆሯችሁን መልሻለሁ፤ ስትወስዱት ግን በደንብ ተጠቀሙበት።