«ይሁን» ማለት የሰለቻት አዋልዲጌሳ

ተረት ልናገር ነው። «እንስማ» በሉኝ። ካላችሁኝማ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሲነጋገሩ፣ ዛፍም ሲፈርድ፣ በአንድ ሜዳ ዳር አዋልዲጌሳ የምትባል ቆፋሪ ትኖር ነበር። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ጥፍሯ እንደ ዶማ ነው። ምስጥ ትበላለች፣ ጉድጓድ ቆፍራ ትተኛለች። ከዚህ ሌላ ከማንም ጋር ጉዳይ አልነበራትም።

ታዲያ አንድ ዓመት አረገዘች። ክረምቱም እየቀረበ መጣ። «ልጄ ዝናብ ላይ እንዳይወለድ ጉድጓድ ያስፈልገኛል» አለችና ቆፈረች። ቆፈረች፣ ቆፈረች፣ ጨረሰች። ምስጥ ፈልጋ ስትመለስ ጃርት ገብታበታለች፤ እሾኋንም ወደ ደጅ አቁማዋለች።

«እህት ጃርት፣ ይሄ እኮ ጉድጓዴ ነው።»

«ነበር በይ። እስኪ ነይና አስወጪኝ!»

አዋልዲጌሳ እሾኹን አየች፤ ሆዷንም አየች። «ይሁን» አለች። «ሌላ እቆፍራለሁ።»

ሌላ ቆፈረች። ቆፈረች፣ ቆፈረች፣ ጨረሰች። ስትመለስ ደግሞ ጅብ ተጋድሞበታል።

«አያ ጅቦ፣ ልወልድበት የቆፈርኩት ነው።»

«እሰይ! ውለጂዋ! እኔ ልጅ እወዳለሁ» አለና ጅብ ከንፈሩን ላሰ።

«ይሁን፣ ይሁን» አለች አዋልዲጌሳ፣ ወደ ኋላዋ እየሸሸች። «ሌላ እቆፍራለሁ።»

ሦስተኛውን ስትቆፍር ጥፍሯ አልቆ ነበር። ወገቧ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ትቆፍራለች፣ ብዙ ታርፋለች። እንደምንም ጨረሰችው። እህል ውሃ ሳትል ብትውል ራባትና ጥቂት ወጣ ብላ ተመለሰች። አሁን ደግሞ ከርከሮ! ከርከሮ ጉድጓድ የሚገባው በኋላው ነውና ፊቱ ደጁ ላይ ቀርቷል፤ ሁለቱ ክራንቻዎቹ እንደ በር ጠባቂ ቆመዋል።

«እመት አዋልዲጌሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» አለ። «ዘንድሮ አሳምረሽ ቆፈርሽው። ወገቤን እንኳ አልነካኝም።»

«አያ ከርከሮ፣ ምጤ ደርሷል።»

«እንግዲያ ምን ያስቆምሻል? ቆፍሪዋ!»

«ይሁን» አለች። ግን እግሯ ሌላ ጉድጓድ ሊቆፍር አልቻለም። ጥቂት ሄዳ አንድ የምስጥ ኩይሳ አገኘችና ግንባሯን አስደግፋ ቆመች። ለመብላት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ኩይሳው ተናገረ። «ወይ ምስጥሽን ብዪ፣ ወይ ፈቀቅ በይ። ከበድሽኝ።»

«ደክሞኛል» አለችው። የሆነውንም ሁሉ ነገረችው።

«አንቺ፣ ያኔ የእንስሳቱ ሕግ ሲወጣ የት ነበርሽ?»

«ስቆፍር ነበርኩ።»

«ሁሉም እኔን ተደግፎ ነው የተማከረው። ጉድጓድ የቆፋሪው ነው። ያለ ፈቃድ የሌላውን ቤት መግባት ክልክል ነው። የተበደለ ‹በሕግ አምላክ› ካለ፣ የተጠራው ባለበት ይቆማል፤ ከከሳሹም ጋር ጭራ ለጭራ ታስሮ ፈራጁ ዋርካ ዘንድ ለፍርድ ይቀርባል። ዝሆንም ቢሆን።»

«ይሄማ ለትልልቆቹ ነው።»

«ትልልቆቹ ጥርስ አላቸው፤ ሕግ ምን ያደርግላቸዋል?»

አዋልዲጌሳ ግንባሯን ከኩይሳው ቀና አደረገች። ከዚያ «ለምን ነገርከኝ?» አለችው። «ምስጦችህን የምበላብህ እኔ ነኝ።»

«ስለምወድሽ እንዳይመስልሽ! ሕጉ ሲነገር ‹ለሚወደዱት ብቻ› ሲባል አልሰማሁም።»

እየተጎተተች ተመለሰች። ደጇ ላይ ቆመችና «በሕግ አምላክ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ከርከሮ። «አስነጠሰሽ?»

«በሕግ አምላክ» አለች ደግማ። አሁንም ድምፅዋ ትንሽ ነው።

«ጮክ በይ እንጂ! ሣር እያኘክሁ አይሰማኝም።»

«በሕግ አምላክ ቁም!»

ይህን ዛፍ ላይ ያሉ ዝንጀሮዎች ሰሙት። ቆቅም ሰማችው። ከርከሮም ማኘኩን አቆመ። ሕጉ ሲወጣ «እሺ» ካሉት አንዱ እሱ ነበራ! ከጉድጓዱ ወጣ። አንድ ዝንጀሮ ወርዶ የሁለቱን ጭራ በሐረግ ቋጠረ። ዋርካው ከዳገቱ ላይ ነው፤ መንገዱን ተያያዙት።

ጥቂት እንደሄዱ ከርከሮ «ነገ ይሄ ሐረግ ይፈታል። ያኔ ሆድሽን በክራንቻዬ ነው የማነጋግረው!» አለ።

አዋልዲጌሳ ፈራች፤ ግን ሄደች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ «በቃ፣ ግማሹን ልስጥሽ» አለ።

«የራሴን ግማሽ?» አለችና ሄደች።

ዳገቱ ላይ ምጡ መጣባት። ተንበረከከች። ከርከሮ አሁን ድምፁን አለሰለሰ። «አየሽ፣ ደክሞሻል። ዋርካው ገና ነው። እንደ ልማድሽ ‹ይሁን› በይና ሐረጉን ልፍታልሽ። እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ትወልጃለሽ።»

አዋልዲጌሳ አፏን ከፈተች። ያቺ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፤ መውጣት ለምዳለች። ደክሟትም ነበር፤ እንዲያው ዝም ብሎ መተኛት ነበር ያማራት። ግን ልብ ብላ ብታየው፣ ከዳገቱም ከመቆፈሩም ይልቅ ያደከማት ያቺው ቃል ነች።

«አይሁን» አለች። ተነሳች። ሄደች።

ዋርካው ሥር እንስሳት ተሰብስበው ነበር። ዋርካው ሁለቱንም ሰማ።

«ቆፍራዋለች፤ ማን ካደ?» አለ ከርከሮ። «እሷ ትቆፍራለች፣ እኛ እንኖራለን። ድሮም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን እምቢ ብላ ታውቃለች? ጃርትን ጠይቁ፣ ጅብን ጠይቁ፤ ‹ይሁን› ነው የምትለው!»

«እውነት ነው?» አለ ዋርካው።

«እውነት ነው» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «እሾኽ ነበረ። ጥርስ ነበረ። ከዚያ ሌላ የምለው እንዳለም አላውቅም ነበር።»

ዋርካው ቅጠሉን አንቀሳቀሰ። «ፈርቶ ‹ይሁን› ያለ ቤቱን አልሰጠም። ሳያውቅ ዝም ያለም መብቱን አልሸጠም። ጉድጓዱ የእሷ ነው። የቀሩት ሁለቱም የእሷ ናቸው፤ ጃርትና ጅብ ይልቀቁ።»

«ባልለቅስ?» አለ ከርከሮ።

«እንግዲያ ነብር ሲመጣ ዝንጀሮ ላንተ አይጮህም፤ ቆቅም ላንተ አትጮህም። ከሕጉ ውጭ መኖር የፈለገ ብቻውን ይኑር።»

ከርከሮ ወደ ዝንጀሮዎቹ ቀና ብሎ አየ። እነሱ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ነበር። ክራንቻውን ዝቅ አደረገና «እለቃለሁ» አለ።

ሐረጉ ተፈታ። አዋልዲጌሳ ጉድጓዷ ገብታ ወለደች። ዝናቡም መጣ። ማለዳ ላይ አንድ የራሰ ፊት ደጇ ላይ ቆመ፤ ከርከሮ ነው።

«እመት አዋልዲጌሳ፣ ጃርት የለቀቀችው ጉድጓድ ባዶ ነው አሉ። እኔም ዝናቡ… እንዴት ነበር የሚባለው?»

«ልግባ ወይ፣ ነው የሚባለው።»

«እሺ። ልግባ ወይ?»

አዋልዲጌሳ አዛጋች። «ቁም እዚያው። ስነሳ አስቤ እነግርሃለሁ» አለችና ልጇን አቅፋ ተኛች። ከርከሮም ቆሞ ጠበቀ።

እናንተም የእናንተ የሆነውን እወቁ። ሕግ በራሱ እግር አይመጣም፤ የሚጠራውን ይጠብቃል። ድምፃችሁ ትንሽ ቢሆንም ጥሩት፤ ካልሰማም ደግማችሁ ጥሩት።

ተረቴም ደክሟት እዚህ ተቀመጠች፤ ዳቦ ያለው ይስጣት።