የተኳረፉት ገበሬዎች

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ንጉሡ ሩቅ፣ ጅራፉ ቅርብ በነበረበት ጊዜ፣ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ብልህ ሴት ነበረች። መሬት ነበራት፤ በሬ ግን አልነበራትም። ጎረቤቷ አያ ስንሻው ሁለት በሬ ነበረው። ደግ ነው፤ ሲሰጥ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

የአገሩ ጌታ አዛዥ ጓንጉል ይባላል፤ ሆዱ የማይሞላ። ገበሬው የአዛዡን እርሻ፣ ሁዳዱን፣ በሳምንት አንድ ቀን በነጻ ያርስለት ነበር። አንድ ዓመት ቸነፈር መጣና ግማሹን ሰው ወሰደ። አዛዡም አዋጅ አስነገረ፤

"ጥማድ በሬ ያለው ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ይረስልኝ። ክረምት ሳይገባ ያልታረሰ መሬት የእኔ ነው።"

ደብሪቱ ደነገጠች። እስከዚያ የሚያርሱላት ጎረቤቶቿ ነበሩ። አሁን ማን ጊዜ አለው? መሬቷ ከሄደ ደግሞ ልመና ነው።

አሰበች፣ አሰበች፣ አሰበችና ስንሻው ዘንድ ሄደች።

"አያ ስንሻው፣ አንዱን በሬህን ስጠኝ።"

"ቸነፈሩ አእምሮሽን ነው የወሰደው?"

"የተጠራው ጥማድ ያለው ነው። አንድ አንተ ጋ፣ አንድ እኔ ጋ ከሆነ ጥማድ የለንም። አቀናጅተን ያንተንም የእኔንም እናርሳለን።"

ስንሻው ራሱን አከከ። እጁ እየተንቀጠቀጠ በሬውን ፈታላት።

ይህን ያየ ሁሉ እንዲሁ አደረገ። ሁለት ያለው ለሌለው ሰጠ። የአዛዡ ጭፍሮች ቢቆጥሩ በየደጁ አንድ በሬ፣ አንድ በሬ፣ አንድ በሬ።

አዛዡ ተቆጣ። "አንድ ያለውም ይምጣ!" አለ።

መጡ። ሁሉም በሬ በሬውን ይዞ ሁዳዱ ዳር ቆመ።

"ለምን አትጠምዱም?"

"ጌታዬ፣" አለች ደብሪቱ፣ "በሬ አምጡ አሉን፤ አመጣን። ግን እኔና አያ ስንሻው ተኳርፈናል።"

"ዶሮዋ ጎመኔን በልታብኝ" አለ ስንሻው።

"ጎመን ተክለህ ታውቃለህ?" አለችው።

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ለካ ሌሎቹም ሁሉ ተኳርፈዋል።

በመጀመሪያው ቀን አዛዡ ስንሻውን አስገረፈ። ጅራፍ ሰው ያቆስላል እንጂ መሬት አያርስም። ደብሪቱ ጀርባውን ቅቤ እየቀባች አለቀሰች።

"ይህን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ።"

"ዝም በይ" አላት። "ተኳርፈናል እኮ።"

በሁለተኛው ቀን አዛዡ ሽማግሌዎች ላከ። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተኳርፈው ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ደመናው ጠቆረ፤ ሁዳዱ አልታረሰም። አዛዡ ራሱ መጣ። ጌቶች፣ ልጆቼ፣ ጆሮ የሚያበቅሉት ረኀብ ሲታያቸው ነው።

"ምን ቢደረግ ትታረቃላችሁ?"

"እንደ አባቶቻችን በሳምንት አንድ ቀን እንረስ" አለች ደብሪቱ። "የማንም መሬት አይነጠቅ።"

"ንጉሥ ይሙት፣ ይሁን" ብሎ ማለ።

ወዲያው ሁሉም ታረቀ። ሁዳዱ በዚያው ቀን ታረሰ፤ በማግስቱም ስንሻው የደብሪቱን መሬት አርሶ ዘሩን በተነላት። ማታውን ዝናቡ ወረደ።

በሬን በአዋጅ ማስመጣት ይቻላል፤ ማቀናጀት ግን ፍቅር ይፈልጋል። ተረቴ እዚህ ላይ ተፈታ፤ ቀንበሩን ስቀሉና ግቡ።