ለጉሬዛ ማን ይቁምለት?

ተረቴን ልጀምር ነውና ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ወሬ ያለው ደግሞ ወሬውን ጨርሶ ይምጣ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ብቻ ሳይሆን ዱላውም የገና ኳሷ ሩርም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር አንድ ጨፌ ነበር። በጋ ሲገባ አገሩ ሁሉ ይደርቃል፤ ጨፌው ግን ውሃም ሣርም አያጣም። የተራራው እንስሳትና የቆላው እንስሳት በዚህ ጨፌ ሲናከሱና ሲዋጉ ኖሩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና እንዲህ ተባባሉ፦ «በየዓመቱ በገና ዕለት ገና እንጫወት። ሩሯን በዱላ ለግቶ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ጨፌውን ይውሰድ፤ የተሸነፈ ሩቅ ወንዝ ይውረድ።»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለና ሁሉም ሳቀ። ቁጣው የመጣው ኋላ ነው።

የተራራውን ተጫዋቾች የምትመርጠው እመት ኤሊ ነበረች። ለምን ኤሊ? ዕድሜ አላት፤ ደግሞ መጫወት አትችልም። መጫወት ያልቻለ መምረጥ ይችላል ብለው ነው። ምን ያስቃችኋል? በእናንተም ሰፈር እንዲሁ ነው።

ሩቅ ወንዝ መውረድ ለሚዳቋ የማለዳ መንገድ ናት። ለኤሊ ግን ወንዙ ጋ እስክትደርስ ክረምት ይገባል። ስለዚህ ለሌላው ሽንፈት ማለት ድካም ነው፤ ለኤሊ ሽንፈት ማለት ውሃ ጥም ነው፤ ውሃ ጥም ማለት ደግሞ ሞት ነው።

ኤሊ አንድ ሀብት ነበራት፤ ጉሬዛ። ጉሬዛ ክንዱ ረጅም ነው፤ ዓይኑም ሩቅ ያያል። ሩሯን ለግቶ እዚያ ትረፍ ካለ እዚያ ታርፋለች። አንድ አመል ብቻ አለው። ከመለጋቱ በፊት ቆም ብሎ ሜዳውን ያያል።

በዚያ አገር ተጫዋች የሚመረጠው በፉከራ ነው። ኤሊ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ እንስሳቱ እየተነሡ ፎከሩ።

አጋዘን ወጣ። «ዘራፍ! ቀንደ ረጅሙ፣ ተራራ ወጊው!»

«ግባ» አለች ኤሊ።

ሚዳቋ ወጣች። «ዘራፍ! ነፋስ ቀዳሚዋ!»

«ግቢ» አለች ኤሊ።

ገና ደረሰ። ጉሬዛ ዱላውን አነሣ፤ ቆም ብሎ አየ። የቆላው አያ ከርከሮ እያጓራ መጣና ጎኑን ገጨው። ጉሬዛ ወደዚህ፣ ሩሯ ወደዚያ። አጋዘን የት ነበር? ሩሯን ሊቀበል ከፊት ቆሟል። ሚዳቋስ? እሷም ከፊት። የፎከረ ሁሉ ከፊት ነበር። ተሸነፉ። ኤሊ በጋውን ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አሳለፈች።

በዓመቱ ኤሊ አሰበች። «የሚሮጥ አነሰኝ» አለች። ጥንቸልን ጨመረች፤ ሰጎንን ከሩቅ አገር ለምና አስመጣች። እነሱም ደህና አድርገው ፎከሩ። ጉሬዛ ዱላውን አነሣ፤ ቆም ብሎ አየ። አያ ከርከሮ መጣ፤ ገጨው። ሯጮቹ ሩሯ ሳትመጣላቸው ሲሮጡ ዋሉ። በዚያ በጋ ጭቃውም ደረቀ። ኤሊ ጤዛ እየላሰች፣ ከድንጋይ ድንጋይ እያለች ለጥቂት ተረፈች።

ሦስተኛው ገና ሲቃረብ እንስሳቱ ተሰበሰቡ። «ጉሬዛ ይውጣ! ሌላ ይፈለግ!» አሉ።

ኤሊ ግን ሌላ በጋ እንደማትዘልቅ ታውቃለች። ፈርታለች። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዱላው ሄደች።

«አንተ ዱላ፣ ምን ሆነህ ነው የምትሰንፈው?»

«እኔ እንጨት ነኝ» አለ ዱላው። «እንጨት አይሰንፍም። የያዘኝን እጅ ጠይቂ፤ ላብ በላብ ነው።»

ወደ ሩሯ ሄደች። «አንቺስ ሩር፣ ለምን አትሄጂም?»

«ከለጉኝ እሄዳለሁ» አለች ሩር። «ጉሬዛ ግን የት እኔን ያየኛል? ዓይኑ ያለው ከርከሮ ላይ ነው።»

በመጨረሻ ወደ ጉሬዛ ሄደች። «ልጄ፣ ምን ነካህ?»

ጉሬዛ አንገቱን ደፋ። «እመት ኤሊ፣ እፈራለሁ። ዱላዬን ባነሣሁ ቁጥር የተሰበረው ጎኔ ትዝ ይለኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አገሩ የፉከራ አገር ነው። ዘራፍ፣ እፈራለሁ ብሎ የሚፎክር ማን አለ?»

ኤሊ ማሰብ ጀመረች። ሐሳቧም እንደ አካሄዷ ነው፤ እስክትጨርስ ጉሬዛ ቅጠል በልቶ ጠገበ። ከዚያ «ማን ፊትህ ቢቆም አትፈራም?» ብላ ጠየቀችው።

«አህያ።»

«አህያ?»

«አህያ ከቆመ ቆመ ነው። አገር ምድሩ ቢገፋው አይነቃነቅም።»

«ሌላስ?»

«ጃርት። እሷን አንዴ የገጨ ሁለተኛ አይገጭም።»

የመምረጫው ቀን ኤሊ አህያን ጠራችው። አህያ ግራ ገባው። «እመት ኤሊ፣ እኔ ፉከራ አላውቅም። ምን ልበል?»

«ምንም አትበል። ዝም ብለህ ቁም።»

አህያ ቆመ። ደህና አድርጎ ቆመ። ጃርትም መጣችና ከጎኑ ቆመች። ተራራው በሳቅ ተናጋ። አጋዘን «እኔ የአህያ ባልደረባ? እርሜ ነው!» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ኤሊ አልለመነችውም። ከሯጮቹ ያስቀረችው ሚዳቋን ብቻ ነው። «አንቺ ከፊት ሁኚ» አለቻት። «ለአንዲት ሩር አንድ ተቀባይ ይበቃታል።»

ገና ደረሰ። ጉሬዛ ዱላውን አነሣ፤ ቆም ብሎ አየ። አያ ከርከሮ እያጓራ መጣና አህያን ገጨው። አህያ ቆሞ ነበር፤ እንደ ቆመ ቀረ። ከርከሮ ተመልሶ ገጨው። ከአህያ አፍ ደም መጣ፤ እግሩ ግን ካለበት አልተነሣም። ከርከሮ በሌላ በኩል ዞረ፤ እዚያ ጃርት አለች። ከአፍንጫው እሾህ እየነቀለ ተመለሰ።

ጉሬዛ ገና እያየ ነው። «ልጋት እንጂ!» አለ ተራራው ሁሉ። ጉሬዛ ግን ሜዳውን እስከ ዳር ያየው የዚያን ቀን ነው፤ ደስ ብሎት ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማዶ ሚዳቋ ለብቻዋ ቆማ አያት። ለጋ። ሩሯ በሁሉም አናት ላይ አልፋ ሚዳቋ እግር ሥር ወደቀች። ሚዳቋ በዱላዋ ነካ አደረገቻት። ሩሯም ድንበሩን አለፈች።

ጨፌው የተራራው ሆነ። ጉሬዛን ተሸክመው «ክንደ ረጅሙ» እያሉ ዘፈኑለት። ለአህያ የዘፈነለት የለም። ኤሊ ወደ ጨፌው አዘገመች፤ ስትደርስ ሁሉም ጠጥቶ ጠግቦ ነበር። እሷም አንገቷን አስግጋ ውሃው ውስጥ ነከረችና እስኪበቃት ጠጣች። አለቀሰችም፤ በውሃው መሐል ማንም አላየባትም።

በዓመቱ እንስሳቱ እንደገና ተሰበሰቡ። «እንግዲህ አንዴ አሸንፈናል» አሉ። «ከእንግዲህ የቆላ ሰው እንዳይስቅብን አህያን እናውጣውና አጋዘንን እንመልስ።»

ኤሊ መልስ ልትሰጥ አንገቷን እስክታወጣ ድረስ ጉሬዛ ከዛፍ ወረደ። ዱላውን አህያ እግር ሥር አስቀመጠው።

«አውጡት» አለ። «ስታወጡት ግን ዱላውን ለአጋዘን ስጡልኝ። እኔ እሱ ከሌለበት ምንም አይታየኝም።»

 አህያም ሳይወጣ በቦታው ቀረ።

ተረቴ እዚህ ላይ ይቁም፤ እናንተ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ስትሄዱ ይህን ያዙ፦ ጀግና ካለህ ሌላ ጀግና አትፈልግለት፤ ፊቱ የሚቆምለት ፈልግለት።