የማንን ጉልበት ላስቀድም?

በአንድ ወቅት ከተጫነ መኪና ላይ ወደቅሁና ጭንቅላቴ ተሰበረ። ቡሬ ውስጥ ነበር። በቆሎ ጭነን ጨርሰን፣ እኔ ከጆንያው ክምር ጫፍ ላይ ቆሜ ገመዱን ሳጠብቅ ገመዱ ተበጠሰ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን የምነግራችሁ የነገሩኝን ነው፤ እኔ አላስታውሰውም።

አባቴን አላውቀውም። እናቴ እኔ ልብ ሳልገዛ ነው የሞተችው። አንሙት ብሎ ስም ያወጣልኝ ማን እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ እየተኛሁ፣ የሰው ሸክም እየተሸከምኩ አደግሁ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይህንንም ያነሣሁት፣ በወደቅሁ ጊዜ ወገን ብሎ የሚጠራልኝ ሰው እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

የመኪናው ሾፌር ጋሽ ሁነኛው ይባላሉ። ስወድቅ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተኝ፣ ሌላው ውሃ ሊደፋብኝ፣ የቀሩት እጅና እግሬን ይዘው ሊያስነሡኝ ተሻሙ። ጋሽ ሁነኛው ከመሪው ወርደው «ማንም እንዳይነካው» አሉ። የመጋዘኑን ሳንቃ በር አስነቅለው ከሥሬ አስገቡና አንገቴን ሳያነቃንቁ አነሡኝ። ጭንቅላት ከፍቶ የሚያክም ሐኪም ያለው ባሕር ዳር ነበር። መኪናው ደግሞ እንደተጫነ ዳገቱን በቶሎ አይወጣም። ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሽ ሁነኛው የጭነቱን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ከፈቱና ጫኞቹን «ጆንያውን ገፍታችሁ ጣሉት» አሏቸው።

«ባለቤቱ ምን ይላል?» አለ አንዱ።

«በቆሎ ይበቅላል» አሉ።

ጆንያው ሁሉ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ፤ ዝናብም መጣበት። ባሕር ዳር ስንደርስ ሐኪሙ «የፈሰሰው ደም አንጎሉን እየተጫነው ነበር፤ ትንሽ ብትዘገዩ አትደርሱበትም» አላቸው። ጋሽ ሁነኛው ከቀዶ ጥገናው በሕይወት መውጣቴን አይተው ወደ ቡሬ ተመለሱ። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ተቀበሏቸው። ያ ወሬ ስለተሰማ ከዚያ ወዲህ መኪናውን አምኖ የሚሰጣቸው ጠፋ። የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኑ። ሚስትም ልጅም የላቸውም።

ነፍሴ ተረፈች። ሌላው ግን ገና ነበር። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ የሰው ዕቃ መሰሉኝ። ሰው የሚለው ይገባኛል፤ መልሱ አፌ ላይ አይደርስም። ሐኪም ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል፣ ነርሷ መርፌ ትወጋለች፤ የሚያገላብጥህ፣ የሚያጥብህና የሚያጎርስህ አስታማሚህ ነው። እኔ አስታማሚ አልነበረኝም።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ምንተስኖት የሚባል ልጅ ተኝቷል። ከዛፍ ወድቆ እንደኔው ጭንቅላቱን ተመቷል። የምታስታምመው እናቱ እትዬ ብዙአየሁ ናት። እትዬ ብዬ ብጠራትም «አንቺ» በለኝ ያለችኝ ራሷ ናትና እንዲሁ ልበላት። ለእሱ ካፈላችው አጥሚት ለእኔም ታደርሰኛለች። እሱን ስታገላብጥ እኔንም ታገላብጠኛለች። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር፤ ሞተ። ሬሳውን ይዛ ወደ አገሯ፣ ወደ ቡሬ ሄደች። ቀበረች። ሰልስቱ እንዳለፈ ፔርሙዟን አንጠልጥላ ተመልሳ መጣች።

«እትዬ፣ ምን ረስተው ነው?» አለቻት ነርሷ።

«ይሄኛውን» አለች።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታወራኝ ነበር። ስለ ላሟ፣ አጥሯን ስለሚያፈርስባት የጎረቤት በሬ፣ ዕቁብ ሳይጥል ስለሚሸሽ ሰው። ከእያንዳንዱ ወሬ በኋላ ዝም ብላ አፌን ታያለች፤ እንድመልስላት ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጠግቤ ሳለ ማንኪያውን ስታስጠጋብኝ «ወግድ» አልኳት። ከአደጋው በኋላ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ የማናግረው ሴት መሆኗን እንኳ ልብ አላልኩም። ማንኪያውን ጥላ ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ሰማችሁት? ወግድ አለኝ።»

«ደግ ልጅ ነው ያሳደግሽው» አላት ከወዲያኛው አልጋ አንድ እግሩ የተሰበረ ገበሬ።

«የተሰደብኩት እኔ፣ አንተ ምን አገባህ? ይልቅ እልል በል።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቃል በኋላ ሌላውም እየተጎተተ ወጣ። ከሐኪም ቤት ስወጣ ወዴት እንደምሄድ የጠየቀኝ አልነበረም። ወደ ቤቷ ይዛኝ ገባች።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ፤ ደግነት። ጎረቤቱ ሁሉ ያጎርሰኝ ጀመር። ገበታ ሲቀርብ እጄን ሳላነሣ የሦስት ሰው ጉርሻ ከአፌ ይደርሳል። «ምስኪን» ይሉና ያጎርሱኛል። ሌላውን ሥራ ግራ እጄ ይጨርሰዋል። ቀኙ ጭኔ ላይ ተጋድሞ ይውላል። የሐኪም ቤቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲያሰናብተን «ግራው ይረፍ፣ ቀኙ ይሥራ፤ ካልሠራ አንጎሉ ይረሳዋል» ብሎን ነበር። ሰምተን እሺ ብለናል። የሚያጎርስን እጅ ግን ማን ደፍሮ ይመልሳል?

የመለሱት ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ይስማው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቻቸው በአባታቸው ሙያ አፍረው ከተማ ገብተው ቀርተዋል። አንድ ቀን ገበታ ላይ ሳለን የእትዬ ብዙአየሁን እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ያዙና «ይበቃል» አሉ። ከዚያ መቀነት አውጥተው ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ጠፈሩት።

«ልጄን ታስርብኛለህ?» አለች።

«ግራውን ነው ያሰርኩት።»

«ታዲያ በምን ይብላ?»

«በቀኙ። ካልሆነም ይራብ።»

ያን ቀን ተራብኩ። በማግሥቱም። ቁራሹ ከአፌ ይልቅ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ጋሽ ይስማው ሸሚዜን አይተው «ዛሬ ደረትህ ከጠገበ ነገ አፍህን እንሞክራለን» አሉኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። እትዬ ብዙአየሁ ግን ከእሳቸው ጋር ሰላምታ አቆመች።

ከዚያ ሸማ ወደሚሠሩበት ጉድጓድ አወረዱኝ። ሸማኔ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ በእጁ ክር የያዘውን መወርወሪያ ይወረውራል፤ አንዱ እንኳ ካልታዘዘ ሥራው አይሄድም። ቀኝ እግሬን በእጃቸው አንሥተው መርገጫው ላይ ያስቀምጡታል። ይንሸራተታል። መልሰው ያስቀምጡታል። መወርወሪያው ከእጄ ወድቆ ክሩን ይበጥሳል። ተቀምጠው ይቀጥሉታል። ጥበብ ያዘዙ ሴቶች ሥራው ሲዘገይባቸው ወደ ሌላ ሸማኔ ሄዱ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መወርወሪያው ከቀኝ እጄ ወጥቶ ግራዬ ላይ ገባ። ጎበዝ አላሉኝም። «ፈትል አታባክን» አሉ።

ሸማኔ ሆንኩ። ፈትል ልታሠራ ከመጣች የሻረግ ከምትባል ልጅ ጋር ተግባባን። ቃል ሲጠፋኝ አትጨርስልኝም፤ እስካገኘው ትጠብቃለች። ሽማግሌ ላክሁ፣ እሺ አሉኝ፣ የሰርጉ ቀን ተቆረጠ።

በእኛ አገር ሙሽራ ወደ ሙሽሪት ቤት ከመሄዱ በፊት የወላጁን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። መጀመሪያ ጉልበቱ የተሳመው ወላጅ ይባላል። ለልጅ ልጁ ስም የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሲደክም የሚጦረው በሙሽራው ቤት ነው፤ ሲሞት ሐዘን የሚቀመጥለት ያ ሙሽራ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚሳሙት ዘመድ ናቸው፤ ይከበራሉ፣ ይሸኛሉ።

ዳሱ ውስጥ ጋሽ ሁነኛው፣ እትዬ ብዙአየሁና ጋሽ ይስማው ሦስቱም ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ «በል አንሙት፣ ሚዜዎችህ እየጠበቁ ነው። ከማን ትጀምራለህ?» አሉኝ።

ሦስቱንም በየተራ አየሁ።

ጋሽ ሁነኛው ሳቅ አሉ። «ይሄ ምን ያስባል? ያን በቆሎ ባልደፋው ኖሮ የዚህን ልጅ ንፍሮ በልተን ከረሳነው ቆይተን ነበር። እኔ መሪዬን የሰጠሁት ለሱ ነው።»

«አልካድኩህም፤ ትንፋሽ ያለው ሬሳ አድርሰሃል» አለች እትዬ ብዙአየሁ። «ሰው ያደረገው ማን ነው? ከልጄ መቃብር ተነሥቼ የመጣሁት ለማን ነው?»

ጋሽ ይስማው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «እናንተ ያተረፋችሁትን እኔ ባላስርበው ኖሮ ዛሬም ተቀምጦ ይጎርስ ነበር። ጉልበት የሚስም ሰው ጎንበስ ብሎ መነሣት አለበት። ያን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«በረሃብ» አለች።

«በረሃብ። እኔም አብሬው አልበላሁም።»

ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ብዙአየሁም ያን ቀን ነው የሰማችው፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ዳሱ ተከፈለ። ነፍስ ከሌለ ምን አለ የሚል አለ። የራሱን ሐዘን ትቶ የሰው ልጅ ያነሣ ይበልጣል የሚል አለ። ለማኝ ከመሆን ያወጣ ነው አባት የሚልም አለ። አንዱ ሚዜዬ «ሦስቱንም ባንዴ ይሳም» ሲል ሽማግሌው «ስንት አፍ አለው ብለህ ነው?» አሉት።

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ወላጅ በማጣት እንጂ ወላጅ በዝቶብኝ እቸገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ቀን የማንን እንዳስቀደምኩ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ መከራከር ትተዋላችሁ። ለእኔ ሲሉ ሥራቸውን ያጡትን አያችሁ፤ ከልጇ ቀብር የተመለሰችውንም፤ ጨካኝ ተብለው አብረው የተራቡትንም። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ፣ መጀመሪያ የማንን ጉልበት ትስማላችሁ?

ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ደገሙ። ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በሁለት እግሬ።