ሻይ የጠጣው ገጽ

ጆሮ ያላችሁ አውሱኝ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ተረት ልነግራችሁ ነው።

በጣም ድሮ፣ ማለትም ባለፈው ክረምት፣ ዕቃ ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ አስካለ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አስካለ እኔ ነኝ። ግን ለተረቱ እንዲመች ሌላ ሴት እናድርጋት፤ እኔም እንደልቤ እንድስቅባት።

አስካለ አንድ ደብተር ነበራት። ሽፋኑ ቆዳ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ውስጡ ባዶ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ። ደብተሩ በየማለዳው ይጠይቃታል።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ስሜቱ አልመጣልኝም።»

በማግስቱም ይጠይቃታል።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ደመና ነው።»

በሦስተኛውም ቀን ይጠይቃታል።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ደግሞ ፀሐዩ በዛ።»

መቀሱ ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይሰማል። «እኔንም ለጥበብ ነው የገዛሁህ ብላኝ ነበር» ይላል። «እስካሁን የቆረጥኩት ጥፍሯን ነው።»

አንድ ሐሙስ ቀን አስካለ ጎረቤቷን እትዬ ዘርፌን ቧንቧ ውሃ ጋ አገኘቻት።

«አንቺ ልጅ» አለች እትዬ ዘርፌ፣ «ሠዓሊ ነኝ ትያለሽ። ሥዕልሽን ያየ ሰው ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም።»

የአስካለ ምላስ ከእጇ ይፈጥናል። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ይምጡና አሳይዎታለሁ። የፈረንሳይ ስልት ነው።»

«ፈረንሳይ?»

«ፈረንሳይ።»

«በይ እንግዲህ፤ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም» አለች እትዬ ዘርፌ፣ ጀሪካኗን አንስታ እየሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አስካለ ስልኳን ከፈተች። በስልኩ ውስጥ አንዲት ነጭ ሴት ወረቀት ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች፣ ፈገግ ትላለች። ስልኩ ተረጎመላት፦ «አሮጌ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ፈልጊ። ባርኔጣ ያደረገች የድሮ ሴት ሥዕል ፈልጊ። ዳንቴል ፈልጊ። ወረቀቱን ሁሉ በሻይ ነክረሽ አስረጂው።»

«አሮጌ ፈረንሳይኛ ከየት ላምጣ?» ብላ ቀና አለች። ከፊቷ ግድግዳው ቆሟል።

አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የተጣለ ወረቀት ከጣቢያ ያመጣል፤ እናቷ ጭቃው እንዳይረግፍ ከወለል እስከ ጣሪያ ትለጥፈዋለች። ወረቀቱ ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው። ግድግዳው ሃምሳ ዓመት ፈረንሳይኛ ለብሶ ሲቆም፣ አስካለ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ፈረንሳይን በስልክ ስትፈልግ ኖራለች።

ተነሳች። የዕቃ ማስጫኛ ደረሰኙን በጥፍሯ ያዘች።

«አስካል» አለ ግድግዳው። ድምፁ ጭቃ ጭቃ ይላል። «እሱን ተይው። ከጀርባው ነፋስ አለ።»

«ነፋስ ለጥበብ ጥሩ ነው» አለችና ላጠችው።

የባቡር የሰዓት ሰሌዳውን ያዘች።

«አስካል፣ እሱንም ተይው። ከጀርባው አይጥ አለች።»

«አይጥም የእግዜር ፍጥረት ናት» አለችና ላጠችው።

ባርኔጣ ያደረገችውን የሳሙና ማስታወቂያ ሴት ያዘች።

«አስካል፣ በእናትሽ! እሱን ተይው። ከጀርባው ዘርፌ አለች።»

አስካለ ቆመች። ነፋስ አትፈራም፤ አይጥ አትፈራም፤ እትዬ ዘርፌን ግን ትፈራለች።

«እንዴት ነው ከጀርባው ያለችው?»

«ቡጢ የምታህል ቀዳዳ ናት። እናትሽና ዘርፌ ክብሪትና ጨው ይቀባበሉባት ነበር። እናትሽ ስታርፍ ‹ዓይኔ ባዶ ቦታዋን ማየት አቃተው› ብላ ዘርፌ ራሷ መጥታ ደፈነቻት።»

አስካለ ትንሽ አሰበች። ሥዕሏን አየች። የሴትዮዋ ባርኔጣ ላይ ላባ ነበረበት።

«እትዬ ዘርፌ አሁን ገበያ ናት» አለችና ላጠችው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈውን የእናቷን ዳንቴል ጥግ ለመቀሱ ሰጠችው።

«እኔ የለሁበትም» አለ መቀሱ።

«ቴሌቪዥኑን ይበርደዋል!» አለ ዳንቴሉ።

ቆረጠችው። ሙጫ ስላልነበራት ዱቄት በውሃ አንተክትካ ሙጫ ሠራች። ከፔርሙዙ የቁርስ ሻይ ትሪ ላይ ገለበጠችና የደብተሩን ገጽ ነከረችበት። ሃምሳ ዓመት ያረጁትንም ወረቀቶች እንዲያረጁ ነከረቻቸው።

«እኔ ሻይ ሳልጠጣ ነው ያረጀሁት» አለ ግድግዳው፤ የሰማው ግን የለም።

ለጠፈች፣ አነሳች፣ መልሳ ለጠፈች።

«አለቅሁ?» አለ ደብተሩ።

«አለቅህ።»

«ቆንጆ ነኝ?»

«ፓሪስ ነህ» አለችው።

እንዲደርቅ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጠችውና፣ ለሁለት ሰዓት ሠዓሊ መሆን ስላደከማት ተኛች።

ነፋስ በአንደኛው ቀዳዳ ገባ። ደብተሩን አየና ገጹን እፍ እያለ አራገበው። ሽታው በቤቱ ሁሉ ሄደ። አይጧ በሁለተኛው ቀዳዳ አፍንጫዋን አወጣች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች።

«ፈረንሳይ ነው አሉ» አለ ነፋስ።

«ፈረንሳይ ስኳር አለው እንዴ?»

ስኳር የሌለው ሻይ እዚያ ሰፈር ፈልቶ አያውቅም። አስካለ ይህን ማሰብ ነበረባት፤ አላሰበችም።

አይጧ ደረሰኙን ቀመሰች። «ዱቄት፣ ስኳር፣ ትንሽ ጭቃ። ደህና ነው።» የሰዓት ሰሌዳውን ቀመሰች። «የጠዋቱን ባቡር በላሁት፤ እስቲ የማታውንም።» ከሴትዮዋ ባርኔጣውን ቀመሰች። «ላባው ይጣፍጣል።»

«አስካል!» ብሎ ጮኸ ደብተሩ። «አስካል፣ እየተበላሁ ነው!»

አስካለ ስሟ ሲጠራ በእንቅልፏ ሰማች። ለሽልማት የተጠራች መሰላትና ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ በሦስተኛው ቀዳዳ ከገበያ የተመለሰች ሴት ድምፅ መጣ።

«ኧረ አንቺ አስካለ! ተነሺ! አይጥ ፈረንሳይሽን ጨረሰችው!»

አስካለ ዘልላ ተነሳች። አይጧ ቀዳዳዋ ገባች። የገጹ ዙሪያ ተበልቷል፤ ባቡሮቹ ሰዓት የላቸውም፤ ሴትዮዋ ባርኔጣ የላትም። የተረፈው መካከሉና ዳንቴሉ ነው። እትዬ ዘርፌ ዞራ በበር ገባች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

አስካለ አንገቷን ቀና አደረገች። «ጠርዙ ሆን ተብሎ ነው።»

«ማን ነው ሆን ያለው?»

«እኔ» አለች አይጧ ከውስጥ።

እትዬ ዘርፌ ገጹን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። «አንቺ! ስኳር! ሬቱስ የታል?»

«የምን ሬት?»

«እናትሽ ሙጫው ውስጥ ሬት ትጨምር ነበር። ሃምሳ ዓመት አይጥ ጫፉን ያልነካው ለምን ይመስልሻል? ፈረንሳይኛ ስለማታነብ?»

 እትዬ ዘርፌም ሳቋን ድንገት አቆመች። የተከፈተችውን ቀዳዳ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይቺን እኔ ነበርኩ የደፈንኳት» አለች ቀስ ብላ።

«ግድግዳው ነግሮኝ ነበር» አለች አስካለ። «አልሰማሁም።»

ሰማዩ አጉረመረመ። ዝናቡ መጣ። በነፋስ ቀዳዳ ውሃ ይረጭ ጀመር፤ ጭቃውም እየሟሟ ይንጠባጠብ ጀመር።

«አስካል፣ በረደኝ» አለ ግድግዳው።

እትዬ ዘርፌ ሮጣ ሬት አመጣች። አዲስ ሙጫ አንተከተኩ። አስካለ ደብተሩን አነሳች፤ እጇ ግን ገጹ ላይ ቀረ።

«ልትገነጥይኝ ነው?» አለ ደብተሩ። «ሦስት ዓመት ጠብቄ፣ አንድ ቀን ፓሪስ ሆኜ?»

«ሽፋን ውስጥ ማን ያይሃል? እዚያ ላይ ግን የገባ ሁሉ ያይሃል። ግድግዳውም እንዳይወድቅ ትይዘዋለህ።»

ደብተሩ አሰበ። ዝናቡን ሰማ። የአይጧንም ጥርስ ሰማ።

«እሺ» አለ። «ሬቱን አብዢው።»

ገነጠለችው። በነፋስ ቀዳዳ ላይ ለጠፈችው፤ ነፋሱ ውጭ ቀረ። ከገጹ ላይ የተላቀቀውን የሰዓት ሰሌዳ ቁራጭ በአይጧ ቀዳዳ ላይ ለጠፈችው። አይጧ ከውስጥ ላስ አደረገችና «የድሮው መራራ ምግብ ቤት ተመለሰ» ብላ ተሳደበች።

ሦስተኛዋ ቀዳዳ ቀረች። አስካለ እሷም ከገጹ የተላቀቀችውን፣ ባርኔጣዋን የተበላችውን ሴት ይዛ እትዬ ዘርፌን አየቻት።

«ልድፈናት?»

እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንጃልሽ። ጨው ባለቀብኝ ቁጥር ዞሬ መምጣቱ ጉልበቴን ይፈጀዋል።»

አልደፈነቻትም።

በማግስቱ ማለዳ ደብተሩ አንድ ገጹ ጎድሎ፣ ሌላው ሁሉ ባዶ ሆኖ ነቃ። እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ዛሬ ነው?»

አስካለ ወደ መስኮቱ አየች። ደመናም አልነበረም፤ ፀሐዩም አልበዛም። ሌላ ምክንያት ልትፈልግ አፏን ከፈተች።

«ዛሬ ነው በይው እንጂ!» አለ ከቀዳዳዋ አንድ ድምፅ። «ደግሞ ሻዩን አስቀድመሽ ቅመሺው፤ ስኳር እንዳይኖረው!»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ከግድግዳ ወረቀት የምትልጥ ሴት ወረቀቱ የደፈነውን ነገር አስቀድማ ትጠይቅ፤ ግድግዳው ሲመልስላት ደግሞ ትስማ። አስካለ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሁንም ወደ ገጹ እያመለከተች «የፈረንሳይ ስልት ነው፤ ጠርዙ ሆን ተብሎ ነው» ትላለች። እኔ አላምናትም።

ጆሯችሁን መልሻለሁ። ተረቴን በሬት ለጥፌዋለሁ፤ አይጥ አይበላውም።