ትርንጎ ያልቆረጠችው ዛጎል

ጥጥ ወደ ቆላችን ገና ሳይዘልቅ፣ ሰው የፍየሉን ቆዳ ተበድሮ በሚለብስበት ዘመን፣ ወይባ በሚባል መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ስሙኝ።

ትርንጎ ቆዳ ትፍቅ ነበር። መንደሩ ሁሉ እሷ ያለፋችውን ይለብሳል። አጠገቧ ግን ማንም አይቀመጥም፤ ትሸታለች ይላሉ። የእጇን ሥራ በጀርባቸው ተሸክመው እጇን ይጠየፋሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ ያኔም ዛሬም።

በወይባ ሴት ልጅ ስትወለድ እናቷ በቆዳ ልብሷ ጠርዝ ላይ አንድ ዛጎል ትሰፋላታለች። ዛጎል ሳይሰፋላት ስም አይወጣላትም። ከዚያ እስክትዳር ድረስ በየዓመቱ አንድ ይጨመርላታል። ስትሞት ዛጎሎቿ ተቆርጠው ለሚወለዱት ይሰጣሉ። ባሕር ሩቅ ነው፤ ዛጎል የሚያመጡት የጨው ነጋዴዎች ብቻ ናቸው። ከሕያው ሰው ልብስ መቁረጥ ግን በዚያ ሰው ላይ ሞትን መጥራት ነው ይባል ነበር።

ትርንጎ ባሏ ሞቶ ከአንዲት ልጇ ከደብሪቱ ጋር ትኖር ነበር። ደብሪቱ አሥራ አንድ ዛጎል በሞላት ዓመት ዝናብ ቀረ። ትርንጎ ልጇን እህል ወዳለበት፣ ወደ አክስቷ አገር፣ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ሰደደቻት። ስትሰዳት ልብሷን ከትከሻዋ ገፈፈች።

"እማዬ፣ ይበርደኛል" አለች ልጅቱ።

"ዛጎል ሽፍታ ይጠራል። ይህን አሮጌ ቆዳ ደርቢ፤ ያንን ስትመለሺ ትለብሺዋለሽ።"

ልጅቱ አሮጌውን ደርባ ሄደች። አልተመለሰችም።

ዓመት ሞላ። ትርንጎ ዛጎል የምትለውጥበት እህል የላትም። ሰው የሚፈራውን፣ ከሕያው ልብስ መቁረጥን፣ አልፈራችም። ከራሷ ቆረጠች፣ ለልጇ ሰፋች። ሁለተኛ ዓመት ሞላ። ከራሷ ቆረጠች፣ ለልጇ ሰፋች።

በሦስተኛው ዓመት ነጋዴዎቹ ተመለሱ። ልጅቱን በረሃ ላይ ንዳድ ስለያዛት ለሌሎች መንገደኞች አደራ ብለን ተውናት፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም አሉ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጎሹ ቢላዋ ይዘው መጡ።

"ትርንጎ፣ ቁረጪላት። ልቅሶ እንቀመጥና ይውጣልሽ።"

"አያ ጎሹ፣ ሬሳዋን አይተዋል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ቢላዋዎን ለጎመን ይውሰዱት።"

አያ ጎሹ ተቀይመው ሄዱ። ትርንጎ ከራሷ ቆረጠች፣ ለልጇ ሰፋች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የባለጸጋው ሚስት እሜቴ ውዴ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የደብሪቱን ልብስ ፈለጉት። የምትታለብ ላም ነድተው መጡ። ትርንጎ ያን ሰሞን የምትበላው ቅጠል ነበር። ላሚቱ ደጃፍ ላይ ቆማ እምቧ ትላለች።

"ልብሱን ስጪኝና ላሚቱን እሰሪ። ግድግዳ ይበርደዋል ብለሽ ነው የሰቀልሽው?"

"ልጄ መጥታ ሲበርዳት ላም ላልብሳት ነው፣ እሜቴ?"

ላሚቱ ተነዳች። ትርንጎ ድምጿ እስኪርቅ ድረስ ሰማቻት። ዓመቱ ሲሞላ ከራሷ ቆረጠች፣ ለልጇ ሰፋች።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ ከበደ። የጨው መንገድ በጦርነት ተዘጋ፤ ዛጎል ከመንደሩ ጠፋ። ጎረቤቷ ስንቄ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወር አለፋት፣ መንፈቅ አለፋት፤ ስም የላትም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። "ትርንጎ ቤት ሃያ አምስት ዛጎል ተሰቅሏል፤ ለሌለች ልጅ" አለ።

ስንቄ ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አልለመነችም።

ትርንጎ የደብሪቱን ልብስ ከግድግዳው አወረደች። ቢላዋ አነሳች። ወደ ጠርዙ አስጠጋችው። ልብሱን መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ የራሷን ልብስ አየች። አንዲት ዛጎል ቀርታታለች፤ በተወለደች ጊዜ እናቷ የሰፋችላት፣ እሷም ለደብሪቱ ለዚያ ዓመት ያስቀመጠቻት። እሷን ቆርጣ ለሕፃኗ ሰፋች።

"ስም አውጪላት" አለቻት። "የኔን ልጅ ግን በእጄ አልገድላትም።"

ዓመት ዞረ። ትርንጎ ባዶ ልብሷን ለብሳ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ለልጇ የምትሰፋው የላትም። ስንቄ መጣች። ትሸታለች አላለችም፤ ተጠግታት ተቀመጠች። ቢላዋ አወጣች። ከራሷ ቆረጠች፣ ለደብሪቱ ሰፋች። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሴት መጣች። ከዚያ ሌላ።

ትርንጎ ስትሞት ሴቶቹ እንደ ወጉ ቢላዋ ይዘው ቆሙ። ከልብሷ የሚቆረጥ አልነበረም። የደብሪቱን የነካ የለም። ደብሪቱም አልመጣች።

ዛሬ ቆዳ የሚለብስ የለም፤ ዛጎሉም የት እንደገባ አይታወቅም። በእኛ መንደር ግን ሰው ሄዶ ወሬው ቢጠፋ ሞተ አይባልም፤ "ዛጎሉ አልተቆረጠም" ይባላል። ልጅ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድም እናቷ ከራሷ ቀሚስ አንድ ቁልፍ ትፈታና ልጅቱ ትታው በሄደችው ልብስ ላይ ትሰፋለች። በየዓመቱ አንድ። እና በገበያ ቀን ደረቷን በመርፌ ቁልፍ ያያያዘች አሮጊት ብታዩ አትሳቁባት። የምትጠብቀው ሰው አላት።